በርሜሉ ከየት መጣ?

ባለፈው እትም ስለ ሥራዬ በጥቂቱ ጽፌ ነበር። የሕዝብ ጤና ተመራማሪ ነኝ፤ የምሠራው ድሬዳዋ ነው። ሰው የሚታመምበትን ምክንያት በሰፈሩ፣ በቤት ኪራዩ፣ በውሃው፣ በሥራ ሰዓቱ ውስጥ እፈልጋለሁ። በሙያው ቋንቋ «ማኅበራዊ የጤና ወሳኞች» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ በዛልኝ። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ። ርዝመታቸውን ቀንሻለሁ እንጂ ሐሳባቸውን አልነካሁም።

ጥያቄ፦ «ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ልጅ ወባ ይዞት ይመጣል፤ መድኃኒት እንሰጠዋለን፤ ይድናል። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። እናቱን ‹በርሜልሽን ክደኚ፣ ውሃ አታጠራቅሚ› ብዬ ስንቴ መከርኳት። አትሰማኝም። እርስዎ የሚሉት ማኅበራዊ ነገር እዚህ ላይ ምን ይፈይዳል? እኔስ ወደዚህ ሙያ ብገባ ከአሁኑ የተሻለ ምን እሠራለሁ?» ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ «አትሰማኝም» ያልሽው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። እኔም ሥራ የጀመርኩት በጤና መኮንንነት ነው። ያኔ እኔና የሥራ ባልደረቦቼም ስለ እናቶች ስናወራ እንደዚሁ እንል ነበር።

አንድ ቀን ከደቻቱ ወንዝ ብዙም የማይርቅ ግቢ ገባሁ። ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል። በየደጁ በርሜል ቆሟል። ስለ ክዳንና ስለ ቢንቢ ማስተማር ጀመርኩ። አንዲት ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ እናት እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ቧንቧው ወሰዱኝና ከፈቱት። አየር ብቻ ወጣ። «ልጄ፣ ይኼ የሚመጣው ሌሊት ነው። እሱም በየቀኑ አይደለም። ሲመጣ ካልያዝኩት ለእነዚህ ልጆች ነገ ምን ልሰጣቸው ነው?» አሉኝ። ክዳኑንም አሳዩኝ። ክዳን አላቸው። ለቡና ይቀዳል፣ ለምግብ ይቀዳል፣ ልጆቹ ሲጠማቸው በጆግ ይቀዳሉ፣ ለመታጠቢያ ይቀዳል። ክዳኑ በቀን ሃያ ጊዜ ይነሳል።

የያዝኩት ምክር ስህተት አልነበረበትም። የነገርኩት ግን ቧንቧውን ማዘዝ ለማይችል ሰው ነበር።

አሁን ወደ ወባው ልምጣ። እኛ ስንማር ወባ የገጠር በሽታ ነበር። ረግረግ ያለበት ቦታ፣ ክረምቱ ሲወጣ። ድሬ ላይ ይህ ተቀይሯል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ መጥታለች። የመጣችው ከእስያ በኩል ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው ጅቡቲ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይህች ትንኝ ከተማ ይስማማታል። የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች። በርሜል፣ ታንከር፣ ለቤት ግንባታ የተያዘ ውሃ፣ ሁሉም ይሆናታል። ዝናብ አትጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. በበጋው ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ድረስ ገብቶ ነበር። በኋላ የወጣው ጥናት ወረርሽኙን ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዞታል።

ወባ ብቻም አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ድሬን መታት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ መጣ። ያኔ ጎረምሳው ሁሉ መገጣጠሚያው ተይዞ ጎብጦ ሲሄድ አንቺም ሳታዪ አትቀሪም። እነዚህን የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ናት። ኤደስ ትባላለች፤ የምትነክሰውም ቀን ነው። መራቢያዋ ግን ያው በርሜል ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው በርሜሉ ከየት እንደመጣ ነው። በርሜሉ የመጣው ቧንቧው በፈረቃ ስለሆነ ነው። የቧንቧው ፈረቃ ግን ሁሉንም ሰው እኩል አያሳምምም። ገንዘብ ያለው ሮቶ ገዝቶ ጣሪያው ላይ ይሰቅላል። ሮቶው ከላይ ተዘግቷል፤ ውሃው በቧንቧ ይወርድለታል፤ ክዳን የሚያነሳ ልጅ የለም። ተከራዩስ? በሰው ግድግዳ ላይ ሮቶ አይሰቅልም። ነገ ውጣ ቢባል ተሸክሞት አይሄድም። አከራዩ ደግሞ ለተከራይ ብሎ አያወጣም። ከአንድ መስመር የሚመጣ ውሃ፣ በአንድ ቀን የሚጠፋ ውሃ፣ አንዱን ግቢ ያሳምማል፤ አጥር የሚጋራውን አያሳምምም። በሽታው የሚያልፍበትን መንገድ የኪራይ ውሉ ይወስነዋል ማለት ነው።

ሙቀቱንም ጨምሪበት። ግንቦት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ሰው ፍራሹን ግቢ ያወጣል። አጎበሩ ግን ውስጥ አልጋው ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ጠያቂው መጥቶ «አጎበር አላችሁ?» ይላል። «አለን» ይባላል። ወረቀቱ ላይ «አለ» ተብሎ ይሞላል። የውሃውም እንደዚያ ነው። «ውሃ የምታገኙት ከምንድን ነው?» «ከቧንቧ።» ተሞላ። እኔ ለዳታ ሰብሳቢዎቼ አንድ ጥያቄ አስጨምራለሁ፦ «ትናንት መጥቶ ነበር?» ይህቺ አጭር ጥያቄ ስንቱን ውጤት እንደምትገለብጥ ብታዪ ትገረሚያለሽ።

በዚህ ሙያ ምን የተሻለ ትሠሪያለሽ ላልሽው፣ ማስረጃውን መወሰን ለሚችል ሰው ታደርሺዋለሽ። ለውሃ መሥሪያ ቤቱ፣ ለከተማ ልማቱ፣ የቤት ኪራይ ደንብ ለሚያወጣው። «እናቶችን አስተምሩ» ከማለት ይልቅ «እነዚህ መንደሮች ውሃ የሚያገኙት በዚህን ያህል ቀን አንዴ ነው፤ ሕመምተኛውም የበዛው እዚያው ነው» ብለሽ ካርታ ታስቀምጪላቸዋለሽ።

ለመጀመር ደግሞ ዲግሪ አትጠብቂ። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አስፈቅጂ። የሦስት ወር የተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ ውሰጂ። ስም አትገልብጪ፤ ዕድሜ፣ ቀን፣ መንደር ብቻ። ወባ ያለባቸውን በየመንደሩ ቁጠሪ። ከዚያ ብዙ ወደታየበት መንደር ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሂጂና በየቤቱ ውሃው መቼ እንደመጣ ጠይቂ። የመጀመሪያ ጥናትሽ እሱ ነው። የሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪውን፣ ኤም.ፒ.ኤች. የሚባለውን፣ ስትገቢ ይዘሽው የምትገቢው ጥያቄ ይኖርሻል። ጥያቄ ሳይኖራቸው ገብተው የቲሲስ ርዕስ ፍለጋ የሚንከራተቱ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ። ልጁ የሚመላለስበት ወባ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ራሱ ሊመለስ ይችላል። አዲስ ንክሻ ሳይኖርም። እሱን አንቺው በሕክምናው በኩል እዪው። ሁሉን ነገር በርሜሉ ላይ መጫንም ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐረር ነው። ሶሲዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። የጤና ሰው አይደለሁም። ቁጥርም ያስፈራኛል። ለእኔ ዓይነቱ በዚህ ሙያ ቦታ አለ?» ተማሪ

መልስ፦ አለ። ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ እዚያው ሐረር ነው። ዩኒቨርሲቲው ቀርሳ ወረዳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ሐረር ከተማ ላይ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ሕዝቡን በቋሚነት የሚከታተልበት ጣቢያ አለው። ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ለቆ ሄደ ብለው ይመዘግባሉ። እዚያ ለመሥራት ቁጥር ከመቁጠር በላይ ሰው ማናገር መቻል ያስፈልጋል።

ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ልንገርህ። ሰው ቤቱ ውስጥ ሲሞት ብዙ ጊዜ ሐኪም አላየውም። ስለዚህ ጠያቂው ቤተሰቡን «ከመሞቱ በፊት ምን ምን አያችሁበት?» ብሎ ይጠይቃል። ትኩሳት ነበረው? ትንፋሽ አጥሮት ነበር? ስንት ቀን? ከመልሱ ተነስተው ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። አሁን አስበው። ልጇን የቀበረች እናት ፊት ተቀምጠህ ነው ይህን የምትጠይቀው። ለቅሶ ሳይወጣ አትሄድም። ስትሄድም መጀመሪያ «እግዜር ያጥናሽ» ወይም «አላህ ያጽናሽ» ትላለህ፤ ቡናው ከመጣ ትጠጣለህ። ወረቀቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓት ሲሄድ አትጣደፍም። ይህን የሚችል ሰው ወርቅ ነው። ሶሲዮሎጂ ያስተማረህ ይህንኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደቻቱን ታውቀዋለህ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደጋው ላይ የዘነበው ሌሊት ወረደና ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። የውሃውን መጠን የሚያሰላ ባለሙያ አለ። ወንዙ ዳር ማን ተኝቶ እንደነበር፣ ለምን እዚያ እንደተከራየ፣ ከዚያስ በኋላ ለምን ተመልሶ እዚያው እንደገባ የሚያጠናው ግን ያንተ ዓይነት ሰው ነው።

የዚህ ዘርፍ ታዋቂው ጥናትም የተሠራው ሰዎችን በሥራ እርከናቸው ለይቶ ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ፣ ዋይትሆል የሚባል። የተጠኑት የመንግሥት ቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም ሥራ አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ሕክምናቸውም ነፃ ነው። ግን ከበላይ ኃላፊው ይልቅ ተላላኪው፣ ዘበኛው ቀድሞ ይሞታል። የታችኞቹ የሞት መጠን ከላይኞቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ማጨስና ደም ግፊት ልዩነቱን በከፊል ብቻ ነው ያስረዱት። በዚህ ጥናት ላይ የሠራው ማይክል ማርሞት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ማኅበራዊ የጤና ወሳኞች ያቋቋመውን ኮሚሽን መርቷል። ሪፖርታቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ስለ ቁጥሩ አልዋሽህም፤ መማር አለብህ። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነፃ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ስጠው። ቁጥር የማያውቅ ተመራማሪ ሌላው ያሰላለትን ተቀብሎ ይፈርማል፤ ያ አደገኛ ነው። ለኤም.ፒ.ኤች. ብዙ ቦታ መጀመሪያ የጤና ዲግሪ ይጠይቃሉ። ስለዚህ መስፈርቱን አስቀድመህ ሬጅስትራር ሄደህ አረጋግጥ። በሶሲዮሎጂው ቀጥለህ ጤናን ብታጠናም መንገዱ ያው ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛ። ከሚችለው ጋር ቁጭ በል። በአስተርጓሚ ስትጠይቅ መልሱ አጥሮ ይመጣል። አንዲት እናት አምስት ደቂቃ ታወራና አስተርጓሚህ «አዎ አለች» ይልሃል።

ጥያቄ፦ «ልጄ ነጥቧ ሕክምና ያስገባት ነበር። ሕዝብ ጤና መረጠች። ጎረቤቱ ‹ዶክተሯ› እያለ ይጠራት ነበር፤ አሁን ምን እንደምነግራቸው ጨንቆኛል። ደግሞስ እንጀራ ይሆናታል?» አባት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ጋሼ፣ እንጀራ ይሆናታል። ቶሎ ግን አያበለጽጋትም። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር አለ፤ የጤና ቢሮ አለ፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ የተራድኦ ድርጅቶችም ይቀጥራሉ። አስቸጋሪው ነገር ብዙው የምርምር ሥራ በፕሮጀክት መሆኑ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ያለ ሥራ ወራት ቆይቻለሁ። ያኔ ቤተሰብ ነው የያዘኝ። ከቻሉ ያን ጊዜ አይዞሽ ይበሏት።

ለጎረቤት ይህን ይንገሩልኝ። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ድሬዳዋ ላይ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 93ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል። አዲስ አበባ ላይ 39። የአዲስ አበባ ልጅ ከድሬ ልጅ ጠንክሮ አልተፈጠረም። በ93 እና በ39 መካከል ያለውን እየፈለገች ነው ይበሏቸው። ከ1,000ው ውስጥ 54 ልጆች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወረቀት የያዙ ልጆች ቤቴ መጡ። ስንት ወለድሽ፣ ስንት ሞተብሽ፣ ምን ትበያለሽ፣ ሽንት ቤት አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልቅሻለሁም። ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። ለምንድን ነው የነገርኳቸው?» ቀፊራ የምትነግድ እናት፤ ደብዳቤውን የጻፈችልኝ ልጄ ናት

መልስ፦ እትዬ፣ በመጀመሪያ ይቅርታ። እነዚያን ልጆች አላውቃቸውም። ግን እኔም እንደዚያ አድርጌያለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት እርጉዝ እናቶች ለምን ዘግይተው ለክትትል እንደሚመጡ የሚያጠና ሥራ ላይ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ቤት ለቤት ዞርን። ዳታው ተሰበሰበ፣ ተተነተነ፣ ሪፖርቱ ታተመ። ያሠራን ቢሮ ተቀበለውና መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። «ዋናው ምክንያት የእውቀት ማነስ ነው» ይላል። ዓመት አልፎ ቀፊራ ቲማቲም ልገዛ ሄድኩ። ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ነሽ አይደል የጠየቅሽኝ? የኔ ነገር የት ደረሰ?» አለች። የምመልሰው አጣሁ። የገዛሁትን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ እንኳ ፊቷ አልጠፋልኝም።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጎረቤቶቿን ሰበሰበችልኝ። ቡና ተፈላ። ያገኘነውን በአማርኛ ነገርኳቸው፤ አንዷ ወደ ኦሮምኛ መለሰችልኝ። «የእውቀት ማነስ» የሚለው ላይ ስደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ሻጯ እንዲህ አለች፦ «እኛ እኮ እናውቃለን። ክትትሉ ያለው ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ ገበያ ነው። ጠዋት ያልሸጥኩት ቲማቲም በድሬ ፀሐይ ከሰዓት ምን ይሆናል?» መጠይቃችን ውስጥ ስለ ሰዓት አንድም ጥያቄ አልነበረም። ስለዚህ ያ ሁሉ ትንተና ያልጠየቅነውን ሊነግረን አልቻለም። ሪፖርቱ ስሜን ይዟል፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ያረመችኝም እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፖዛል ስጽፍ ውጤት የመመለሻ ገንዘብ ሳላስገባ አልልክም። የትራንስፖርት፣ የቡና፣ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ የአንድ ገጽ ወረቀት። ገንዘብ ሰጪዎቹ አንዳንዴ ይቆርጡታል። እኔም መልሼ አስገባዋለሁ። ያ ወረቀት ላይ ትልቅ ነገር የለም። ይህን ጠየቅናችሁ፣ ይህን አገኘን፣ ለእገሌ መሥሪያ ቤት ሰጠነው፣ ምላሹን በዚህ ስልክ ጠይቁ ይላል። መሥሪያ ቤቱ እሺ ላይል ይችላል። ቢያንስ ሰዎቹ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

መብትዎን ደግሞ ልንገርዎ፤ ልጅዎ ታንብብልዎ። ለጥናት የሚመጣ ሰው ከመጠየቁ በፊት የእርስዎን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እምቢ ማለት ይችላሉ። ጀምረው መሃል ላይ በቃኝ ማለትም ይችላሉ። እምቢ በማለትዎ ጤና ጣቢያ የሚያጡት ነገር የለም። ማን እንደላከው፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን የሰጠው የትኛው ኮሚቴ እንደሆነና ስልኩን ይጠይቁ። ይህ ሁሉ የተጻፈበት ወረቀት እርስዎ ዘንድ መቅረት አለበት። ስለ ሞቱብዎት ልጆች ሲጠየቁ ካለቀሱ ደግሞ ጠያቂው ወረቀቱን ማስቀመጥ ነበረበት። ያን አላደረገ እንደሆነ ጥፋቱ የእሱም፣ የአሠልጣኙም ነው።

ከእነዚያ ልጆች የቀረ ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ፣ ስልክ ቁጥርም ቢሆን፣ ልጅዎ በመጽሔቱ በኩል ትላክልኝ። እኔ ደውዬ እጠይቅልዎታለሁ። ያገኘሁትንም ይዤ እመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የምመጣው፤ ጠዋት ገበያ ነዎት።